ቅልጥሙን ይዞ የሚቀመጠውንና ሁልጊዜ ኋላ የሚቀረውን ልጅ እንዴት እናሠልጥን?

«ቲቸር፣ ቅልጥሜን ያመኛል» አለችኝ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። «ሩጫ ያለ ሕመም የለም፤ ትለምጂዋለሽ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ያመኛል ብላኝ አታውቅም። በውድድሩ ዕለት ሦስተኛው ዙር ላይ እግሯ አልታዘዝ አላትና ሜዳው ዳር ቁጭ አለች። ካልሲዋን ዝቅ ሳደርግ ቅልጥሟን በነጠላ ቅዳጅ ጥፍንግ አድርጋ አስራዋለች። ራጅ ስትነሣ አጥንቷ ተሰንጥቆ ተገኘ።

ሕመሟን የደበቀችው እኔ አፏን ስላስያዝኳት ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የተማርኩትን፣ ጎንደር ውስጥ በትምህርት ቤት ሜዳ ፊሽካ ይዛችሁ ለምትቆሙ የስፖርት መምህራንና አሠልጣኞች በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

1. ሩጫው ሳይጀመር እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ጠይቁ

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲደርቅ ልጆቹን ሰብስበን ወዲያው ወደ ዙር ነው የምንገባው። የመጀመሪያውን ሳምንት ለጥያቄ ስጡት። አንድ ደብተር ይበቃል፤ ለአንድ ልጅ አንድ ገጽ። ልጁን ከሰልፉ ነጥላችሁ፣ ጓደኞቹ በማይሰሙበት ቦታ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት።

መጀመሪያ፣ ከዚህ በፊት የት እንደተጎዳና ስንት ጊዜ እንዳረፈ። አዲስ ጉዳትን አስቀድመው ከሚጠቁሙ ነገሮች ዋነኛው የቀድሞ ጉዳት ነው። አምና ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ልጅ ዘንድሮም በዚያው እግሩ የመውደቅ ዕድሉ ከሌሎቹ ይበልጣል። ቀጥሎ ኑሮውን ጠይቁ። ከወለቃ በእግሩ የሚመጣ ልጅ ሥልጠና ሳይጀምር 6 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል፤ ሲጨርስም ያንኑ መንገድ ይመለሳል። ጠዋት ጀሪካን ተሸክማ ቁልቁለት የወረደችና ዳገት የወጣች ልጅ ጉልበቷ ገና ድሮ ሠርቷል። በየትኛው ፈረቃ ይማራል? ስንት ሰዓት ይተኛል? ቁርስ በልቶ ነው የሚመጣው? የሚሮጠው በምን ጫማ ነው? ሸራ ጫማው ተረከዙ ላይ ወደ አንድ ጎን ተበልቶ እንደሆነ ገልብጣችሁ እዩት።

ከዚያ የማይታለፉት ጥያቄዎች ይመጣሉ። ስትሮጥ ራስህን ስተህ ታውቃለህ? ደረትህን ይወጋሃል? ልብህ ያለ ልክ ይመታል? ከቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ? ጉሮሮህን ካመመህ በኋላ መገጣጠሚያህ አብጦ ያውቃል? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ አሠልጣኞች የማያነሡት ነው። በአገራችን ልጆች ላይ በብዛት ከሚታዩት የልብ በሽታዎች አንዱ በቶንሲል ሕመም ጀምሮ፣ መገጣጠሚያ አሳብጦ፣ ኋላ የልብን በሮች የሚያበላሸው ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን እንኳ «አዎ» ብሎ የመለሰ ልጅ ሐኪም ሳያየው አይሮጥም። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

የወር አበባን የሚመለከተውን ሴት መምህርት ለብቻ ትጠይቅ። መጥቶላት የነበረች ልጅ ሦስት ወር ከቆየባት ሰውነቷ ለሩጫው የሚበቃ ምግብ እያገኘ ላይሆን ይችላል። እንዲህ ያለች ልጅ አጥንቷ ይሳሳና በቀላሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሥልጠናው ቀለል ይበልላትና ጤና ጣቢያ ትታይ።

2. «ደህና ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁ

ጎንደር ላይ ልጅን «ደህና ነህ?» ብትሉት መልሱ አንድ ነው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን»፤ እስላም ከሆነም «አልሐምዱሊላህ»። ያደገበት ነው፤ ትልቅ ሰው ሲጠይቀው እንዲህ ብሎ መመለስ ጨዋነት ነው። እግሩ ግን እያመመው ሊሆን ይችላል።

እኔ አሁን የምጠይቀው «ዛሬ ከአልጋ ስትወርድ መጀመሪያ የተሰማህ ምንህ ነው?» ብዬ ነው። «ባቴ ቀጨም አድርጎ ይዞኛል» ይላል፤ ወይም «ተረከዜን መርገጥ አቅቶኝ ትንሽ ቆሜ ነው የወጣሁ» ይላል። ይህን የነገረኝን ልጅ በሁሉም ፊት «ጎበዝ፣ ነገርከኝ» እለዋለሁ። በዚያ ቀን የሚሠራውን እቀይርለታለሁ እንጂ ወደ ቤቱ አልሰደውም። ሕመሙን ተናግሮ የተባረረ ልጅ ሁለተኛ አይናገርም፤ ያየው ጓደኛውም እንደዚያው።

ሩጫን ለቅጣት ማዋልም ይቅር። ያረፈደውን «አሥር ዙር ዙር» የምንለው ልማድ ልጁን ሰውነቱ ሳይሟሟቅ እልህ ውስጥ ያስገባዋል፤ ሩጫውንም ያስጠላዋል።

3. ዙር መቁጠሩን ትታችሁ ደቂቃ ቁጠሩ

«ሁላችሁም ስምንት ዙር» ብንል ጎበዙ በ13 ደቂቃ ጨርሶ ጥላ ሥር ይቀመጣል። የመጨረሻው ልጅ ግን 20 ደቂቃ ሙሉ፣ ሁሉም እያየው፣ ብቻውን ይዞራል። ደካማው ከጠንካራው የበለጠ ጊዜ በእግሩ ላይ ቆየ ማለት ነው። የሚጎዳውም እሱ ነው፣ የሚያፍረውም እሱ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። መንገድ ላይ አውጧቸውና ሁሉም በየአቅሙ 10 ደቂቃ ይሩጥ። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ካለበት ቦታ ይዙር፤ በመጣበት ፍጥነት ይመለስ። ሩቅ የሄደው ሩቅ ይመለሳል፤ ቅርብ የቀረው ቅርብ። መነሻው ላይ ሁሉም አንድ ላይ ይደርሳሉ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሠራሁ ቀን፣ በሕይወቱ ማንንም ቀድሞ የማያውቅ አንድ ልጅ ፊሽካው ሲነፋ ዞሮ ፊቱ ማንም እንደሌለ አየ። የቡድኑ ምርጥ ሯጭ ከኋላው ሊደርስበት እየታገለ ነው። ያን ቀን ያ ልጅ የሮጠውን ሩጫ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ፍጥነቱን በወሬ ለኩት። ከጎኑ ካለው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወራ መሮጥ ካልቻለ ለመደበኛ የልምምድ ቀን ፈጥኗል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ከቆላ መጥቶ የተመዘገበ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ትንፋሹ ቶሎ ይቆራረጣል፤ ታገሡት። ለጀማሪው 1 ደቂቃ ሩጦ 1 ደቂቃ መራመድ እውነተኛ ሥልጠና ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከሉ ዕረፍት እያደረገ ይሥራ። የሩጫውን ደቂቃ በየሳምንቱ በጥቂቱ ጨምሩለት፤ በአራተኛው ሳምንት ደግሞ ቀንሱለት። ደቂቃንና ዳገትን በአንድ ሳምንት አብራችሁ አትጨምሩ።

ስለ ቦታም ላንሣ። የጎንደር መንገድ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ወደ ጎሃ ኮረብታ መውጣት ለጠንካራው ልጅ ግሩም ሥልጠና ነው፤ ጉልበትና ቅልጥም የሚሰብረው መውረዱ ነው። ቁልቁለት ላይ እግር በእያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን ይይዛል። ስለዚህ ቶሎ የሚጎዳው ልጅ ዳገቱን ቢሮጥ እንኳ ቁልቁለቱን ይራመድ። ኮብልስቶን ለቁርጭምጭሚት ክፉ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይባስ። የትምህርት ቤቱ ሣር ወይም የደረቀ አፈር ከሁለቱም ይሻላል። ወደ አዘዞ በኩል ያለው ሜዳማ መሬት ለተማሪ የሚቀርብ ከሆነ ለረጅሙ ቀን ተጠቀሙበት።

4. ሕመሙን በአውራ ጣታችሁ ለዩ

አዲስ ልምምድ ከሠራ በኋላ ሁለቱንም ጭኖቹን ወይም ሁለቱንም ባቶቹን የሚያመው፣ ሰፋ ብሎ የሚሰማው፣ ሲሟሟቅ የሚለቀውና በሁለት በሦስት ቀን የሚጠፋው የድካም ሕመም ነው። ቀለል አድርጎ ይሥራ።

ቅልጥሙን የሚያመው ልጅ ሲመጣ ቁጭ አድርጉት፤ ካልሲውን ያውልቅ። አውራ ጣታችሁን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ባለው የአጥንት የውስጥ ጠርዝ ላይ አስቀምጡና እየተጫናችሁ፣ በስንዝር ስንዝር ሳይሆን በጣት በጣት፣ ወደ ላይ ውጡ። ፊቱን እዩት እንጂ አፉን አትመኑ። ከግማሽ ስንዝር በላይ ርዝመት ያለው ቦታ ሁሉ የሚያመው ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጡንቻው አጥንቱን የያዘበት ቦታ ተቆጥቷል ማለት ነው። ሩጫውን ለጥቂት ቀናት አስቁሙትና ቦታና ጫማ ይቀይር፤ ሲመለስ ደቂቃው ይቀነስ። ጣታችሁ አንዲት የሳንቲም ያህል ቦታ ላይ ሲደርስ ልጁ እግሩን ከነጠቃችሁ፣ ወይም ሌሊት ተኝቶ የሚያመው ከሆነ፣ ወይም ሲራመድም ካመመው፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ ይሆናል። «እስኪ አንዴ ዝለል» ብላችሁ አትፈትኑት፤ ለሐኪም አሳዩት። ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ራጁ ንጹሕ ነው ተብሎ ሕመሙ ካልለቀቀ ልጁ አሁንም አይሮጥም። እኔ ያጠፋሁባት ልጅ ላይ ይህን ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ባደርግ ኖሮ የዓመት ሩጫዋን አላስቀርም ነበር።

በእድገት ላይ ያለ ልጅ የራሱ ሕመሞች አሉት። ቁመቱ በአንድ ዓመት ተመዝዞ የመጣ የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለችውን እብጠት ወይም ተረከዙን ቢያመው፣ አጥንቱ ገና ሳይጠነክር ጅማቱ እየጎተተው ነው። ከእድገቱ ጋር የሚያልፍ ነገር ነው። እስከዚያ ዝላይና ፍጥነት ይቀነስለት፤ እያነከሰ ግን አይሩጥ።

ለሁሉም የሚሠራ አንድ ሕግ አለ፦ ያነከሰ ልጅ ያቆማል። ሲያነክስ ያላመመው እግሩም ተራውን ይጎዳል።

5. ሜዳ ላይ ሲወድቅ፣ ወጌሻ ሳይመጣ

ቁርጭምጭሚቱ ወለም ሲል በረዶ ፍለጋ አትሩጡ። ከቧንቧ ወይም ከጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ ጨርቅ እየነከራችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አድርጉለት፤ በፋሻ ሳታጠብቁ ጠቅልሉት፤ እግሩን ከፍ አድርጎ ይተኛ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት መታሸት፣ ትኩስ ነገርና መጎተት አይነካውም። በእግሩ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱን አንጓ ከኋላ በኩል ስትነኩት አጥንቱን ካመመው፣ ራጅ ያስፈልገዋል።

የወጌሻ ነገር በጥንቃቄ መነገር ያለበት ነው። ብዙዎቻችን በወጌሻ እጅ ነው ያደግነው፤ ወላጅም መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። ችግሩ የተሰበረ ወይም የተሰነጠቀ አጥንት ሲታሽና በቀርከሃ ተጠብቆ ሲታሰር ነው። በጠባብ እስር ምክንያት ደም ሳይደርስለት እግሩ የሞተና የተቆረጠ ልጅ በአገራችን ሆስፒታሎች በየጊዜው የሚታይ እውነት ነው። እናቱን ስታገኟቸው ወጌሻውን አታዋርዱባቸው። እኔ የምለው ይኸን ነው፦ «እናቴ፣ ዛሬ እንዳይታሽ። መጀመሪያ አጥንቱን እናስየው፤ አጥንቱ ደህና ከሆነ ወጌሻው የትም አይሄድም።» ታስሮ ያገኛችሁት ልጅ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ማንቀሳቀስ ካቃተው እስሩን ያኔውኑ አላሉትና ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍልም አለው፤ ስብራት ያልሆነው ጉዳት ሲደጋገም እዚያ እንዲታይ ጠይቁ።

6. የተጎዳው ልጅ ሜዳው ላይ ይቆይ

ለተጎዳ ሯጭ ዋና ይመከራል ይባላል። እኛ ጋ ያለው ስመ ጥሩ መዋኛ የፋሲለደስ ነው፤ እሱም በውኃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። እኛ ያለን ደረጃና ግድግዳ ነው፣ እሱም ይበቃል። ጉዳቱ የማይከለክለው ልጅ ጣቶቹን ደረጃ ጠርዝ ላይ አድርጎ ተረከዙን ቀስ ብሎ ያንሣ፤ ቀስ ብሎ ያውርድ፤ 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን አጥፎ ዳሌውን ያንሣ። ወለም ያለው ቁርጭምጭሚት ሲሻለው በአንድ እግሩ 30 ሰከንድ ይቁም፤ ሲለምደው ዓይኑን ጨፍኖ። ይህችኛዋ ልምምድ ወለምታው እንዳይደጋገም በጣም ትጠቅማለች፤ ከዳነም በኋላ አትቅር።

የሩጫ ሰዓቱን እሱ ይያዝ፤ ደቂቃውን እሱ ይጥራ። ግን ሰዓት መያዝ ብቻውን ሥልጠና አይደለምና የራሱን ልምምድ በደብተሩ ገጽ ላይ ጻፉለት፤ እንደሌሎቹ ሠርቶ ላብ ይውጣው።

ለመመለስ፦ መጀመሪያ 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ሳያመው ይራመድ። ከዚያ 1 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ፤ ቀን እየዘለለ። በማግስቱ ጠዋት ካላመመው ወደ 2 ደቂቃ ሩጫና 1 ደቂቃ እርምጃ፣ ቀጥሎ ወደ 5 እና 1፣ ከዚያ ሳያቋርጥ 20 ደቂቃ። ካመመው አንድ እርከን ይመለስ። ዳገትና ፍጥነት የሚገቡት ከዚህ በኋላ ነው፤ ቁልቁለት የመጨረሻው ነው። አጥንቱ የተሰነጠቀበት ልጅ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይሮጥ ይቆያል፤ የሚፈቅድለትም ሐኪሙ ነው።

ልጁ ሲቸኩልባችሁ አበበ ቢቂላን አንሡለት። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሎምፒክ የሁለት ጊዜ ሻምፒዮኑ አበበ እግሩን ተጎድቶ ማራቶኑን መንገድ ላይ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣ። አበበ ስላቋረጠ ማንም ፈሪ አላለውም። ቀነኒሳ በቀለም ለዓመታት በጉዳት ሲመላለስ ቆይቶ በ37 ዓመቱ፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ አሸንፏል። የዓለም ክብረ ወሰኑን ያጣው በ2 ሰከንድ ነው።

7. ኋላ የሚቀረውን «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት

ለምን እንደሚቀር ፈልጉ። ብዙ ጊዜ መልሱ ቁርስ ነው። ደም ማነስም አለ፦ የዓይኑን የታችኛውን ሽፋን ገለጥ አድርጋችሁ ገርጥቶ ካያችሁት፣ ዳገት ላይ ከሁሉም በፊት የሚያለከልክ ከሆነ፣ ጤና ጣቢያ ይላክ። የሆድ ትላትልና ወባ ደም ይጨርሳሉ፤ ከደንቢያ በኩል የመጣ ልጅ ካለ ወባን አትርሱ። ሲሮጥ ደረቱ ሲር ሲር የሚል፣ ሌሊት የሚያስለው ልጅ አስም ይኖርበት ይሆናል። ምግቡ ላይ ምስርና ጤፍ ብረት አላቸው፤ ሎሚ ወይም ቲማቲም አብሮ ሲበላ ሰውነቱ ብረቱን የበለጠ ይወስዳል። ከምግብ በላይ ወዲያው የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን ይከለክለዋል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳንም አንድ ወር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚውል ልጅን ስምንት ሰዓት ላይ ፍጥነት አታሠሩት። ጾሙን አትንኩበት፤ ሰዓቱን አንቀሳቅሱለት። ከባዱን ቀን ቅዳሜና እሑድ ላይ አድርጉ፤ ረመዳን የሚጾመውንም ልጅ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ብቻ አሠሩት።

ሕመምም ረሃብም ከሌለ ምክንያቱ የሰውነት ብስለት ሊሆን ይችላል። በአንድ ክፍል ያሉ ሁለት የ13 ዓመት ልጆች በሰውነት ብስለት በዓመታት ይራራቃሉ። ዛሬ ጢም ያበቀለው ያሸንፋል፤ የልጅ ሰውነት ያለው ኋላ ይቀራል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ። ስለዚህ በየወሩ አንድ ቀን ሁሉም አንድ ዓይነት ርቀት ይሩጥና እያንዳንዱ ከራሱ ያለፈ ሰዓት ጋር ይወዳደር። በሁሉም ፊት የማነበው ማን አንደኛ እንደወጣ አይደለም፤ ማን ካለፈው ወር ስንት ሰከንድ እንዳሻሻለ ነው። በ1,500 ሜትር 40 ሰከንድ ያሻሻለች አንዲት የመጨረሻ ልጅ ነበረችን፤ አሁንም የመጨረሻ ናት፤ ያን ቀን ግን የተጨበጨበው ለሷ ነው።

8. የውድድሩ ሳምንት

ግፊት የሚመጣው እዚህ ነው። ርዕሰ መምህሩ ዋንጫ ይፈልጋል፤ አባትየው ልጄ ይሩጥ ይላል፤ ልጁ ራሱ «ድኛለሁ» ይላል። መስፈርቱን ከወር በፊት ጽፋችሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፦ ሕመም የሌለበት፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ልምምዱን ሳያቋርጥ የሠራ፣ ተጎድቶ በነበረው እግሩ ብቻ አሥር ጊዜ ሳያመው መዝለል የሚችል፤ የአጥንት ጉዳት የነበረበት ደግሞ የሐኪሙን ወረቀት የያዘ። ውሳኔውን ከውድድሩ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ አሳውቁ፤ መነሻው መስመር ላይ ቁጥር ከደረቱ ላይ አትንቀሉ።

የማይሮጠውን ልጅ ለብቻው ጥሩት። «ዘንድሮ አትሮጥም» ብላችሁ አታቁሙ፤ የደብተሩን ገጽ ገልጣችሁ ያሳየውን ለውጥ አሳዩት፤ የሚቀጥለውን እርከን የሚጀምርበትን ቀንም እሱ ራሱ በእጁ ጽፎ ይሂድ።